ሁለት ተመሳሳይ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ሲቀበሉዎት እንዴት ይመርጣሉ?

በአሜሪካ ሁለት ትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (በአንድ ሙያ ሳይወሰኑ ሰፊ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የሚሰጡ) ተቀብለውዎት የመልስ መስጫው ቀን፣ ማለትም በአብዛኛው ሜይ 1፣ ከተቃረበ፣ በመጀመሪያ የኮሌጆቹን ብሮሹር ወደ ጎን ያድርጉት። ሁለቱም ክፍሎቻቸው ትንንሽ እንደሆኑና መምህራኑ ተማሪውን በስሙ እንደሚያውቁት ይነግሩዎታል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ስለሆነ ብሮሹሩ ለማማረጥ አይረዳም።

መንታ የሚመስሉ ኮሌጆች የሚለያዩት በሥርዓተ ትምህርታቸው አወቃቀር ነው። ለምሳሌ በማሳቹሴትስ የሚገኙት ዊሊያምስና አምኸርስት እያንዳንዳቸው 2,000 ገደማ ተማሪዎች አሏቸው። አምኸርስት በ1821 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት የዊሊያምስን ፕሬዚዳንትነት ትተው፣ የተወሰኑ ተማሪዎችንም አስከትለው የሄዱ ሰው ስለነበሩ፣ ኮሌጆቹ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም አምኸርስት ከአንደኛ ዓመት ሴሚናርና ከሜጀሩ (በዋናነት ከሚያጠናው ትምህርት) ኮርሶች በቀር በተማሪው ላይ የሚጭነው ግዴታ የለም፤ ዊሊያምስ ግን ከሦስት የትምህርት ዘርፎች ቢያንስ ሦስት ሦስት ኮርስ እንዲወሰድ ያዛል። ዊሊያምስ ቱቶሪያል የሚባል፣ ሁለት ተማሪዎች በየሳምንቱ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ተቀምጠው አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚተችበት ኮርስ ሲኖረው፣ የአምኸርስት ተማሪ ደግሞ ኮሌጁ ከጎረቤቶቹ ጋር ባለው ኅብረት አማካይነት በአቅራቢያው ባለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጭምር መማር ይችላል። የጻፉትን በሰው ፊት መከላከል የሚያነቃዎት ከሆነና የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ምርጫዎ አንድ ሊሆን አይችልም።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ግን ብዙዎች የሚዘነጉትን የኮርስ ፕሮግራም ነው። ካታሎጉ ኮሌጁ በየትኛውም ዓመት ሊሰጣቸው የሚችላቸውን ኮርሶች ሁሉ ስለሚዘረዝር ሁልጊዜ የጠገበ ይመስላል። ስለዚህ ሬጅስትራሩ ያወጣቸውን ያለፉትን አራት ሴሚስተሮች ፕሮግራሞች ፈልገው፣ ሊያጠኑት ባሰቡት ሜጀር በሁለተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ በእርግጥ የተሰጡትን ኮርሶች ከነመምህሮቻቸው በወረቀት ላይ ይጻፉ። አምስት መምህራን ባሉት የትምህርት ክፍል አንዱ ለሳባቲካል (ከማስተማር አርፎ ምርምር ለሚሠራበት ፈቃድ) ሲሄድ፣ ሌላው ደግሞ የአንደኛ ዓመት ኮርስ ሲይዝ፣ ከፍተኛዎቹ ኮርሶች በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ፤ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ለመማር ያሰበ ተማሪ ያንኑ አንዴ ሊያጣው ይችላል። ከስማቸው አጠገብ ጊዜያዊ መሆናቸው የተጠቀሰ መምህራንን ለይተው ምልክት ያድርጉ፤ እርስዎ ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ ላይኖሩ ይችላሉና። ቀሪውን ጥያቄ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በኢሜይል ይጻፉ፤ በትንሽ ኮሌጅ መልሱ ራሱ፣ ፍጥነቱም ጭምር፣ ስለ ቦታው ይናገራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኮሌጁ በሚልክልዎት የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን ጠቅላላ ድምር አይመኑ። ከትምህርት ክፍያው፣ ከዶርሙ፣ ከምግቡ፣ ከመጽሐፉ፣ ከጤና መድኑና ከጉዞው ድምር ላይ ተመላሽ የማይደረገውን ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ ይቀንሱ፤ ብድር ዕዳ ነው፣ በግቢ ውስጥ ሠርተው የሚያገኙትም ገና ያልተሠራ ደመወዝ ነው። ግራንቱ ለአራቱም ዓመታት የሚጸና መሆኑን፣ የውጤት ቅድመ ሁኔታ ካለውም ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። በጣም የወደዱት ኮሌጅ ውድ ሆኖ ከተገኘ፣ የሌላውን ደብዳቤ አያይዘው ድጋፉ እንደገና እንዲታይልዎ ማመልከት ነውር የለውም።

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዓመት የሚያልፉትንና በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁትን ተማሪዎች መቶኛ ማየትም ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ኮሌጆች ከ90 በመቶ በላይ ከሆኑ የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነት እንቅልፍ ሊነሳዎት አይገባም። ግቢውን መጎብኘት ከቻሉ ለእንግዳ ከተዘጋጀው ቀን ይልቅ ተራ የሥራ ቀን ይምረጡ፤ ማታም በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጭ ብለው ተማሪው የሚያወራውንና የሚያማርርበትን ያዳምጡ።

ከወሰኑ በኋላ የማረጋገጫውን ክፍያ ለአንዱ ብቻ ይክፈሉ፤ ቦታዎን የሚጠብቅ ተጠባባቂ ሊኖር ስለሚችል ለሌላው ኮሌጅ እንደማይመጡ በዚያው ዕለት ያሳውቁ።