በሰው አገር ውሻ ቢነክሳችሁ፦ ከእብድ ውሻ በሽታ ራስን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ወጣት ኖርዌያዊት ከጓደኞቿ ጋር ፊሊፒንስን ስትጎበኝ መንገድ ዳር የተጣለ ቡችላ አገኘች። አሳዘናት። ወደ ማረፊያቸው ወስዳ አጠበችው፤ አብራው ተጫወተች። ቡችላው፣ ቡችላ ሲጫወት እንደሚያደርገው፣ ጣቷን ነከስ ነከስ አደረጋት። ጭረቱ ትንሽ ስለነበር አጽድታ ተወችው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ለማንም አልታየውም። አገሯ ከተመለሰች በኋላ ታመመች። የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። ሕይወቷን ማትረፍ አልተቻለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያንገበግበኝ የቁስሉ ትንሽነት ነው። አረፋ የሚደፍቅ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ውሻ የለም። የጎረፈ ደም የለም። የሚያሳዝን ቡችላና የተቧጨረ ጣት ብቻ ነው ያለው። በጊዜው የተወሰደ ክትባት ደግሞ ሊያተርፋት ይችል ነበር።

በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች እንደሚገድል ይገመታል። አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። ከ100 ሰዎች 99ኙን የያዛቸው ከውሻ ነው። ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ ወይም በጭረት ይገባና ነርቭን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል። በሳምንት የደረሰም፣ ከዓመት በላይ የቆየም አለ። ክትባቱ የሚሠራው በዚህ መሀል ነው። ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ የተረፉት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር።

1. ከመነሳታችሁ በፊት፦ ሁለቱን መርፌ አስቡባቸው

ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሐኪም አነጋግሩ። የምትሄዱበትን አገር ብቻ ሳይሆን የምታደርጉትንም ንገሩት። ከተማ ውስጥ ስብሰባ ተካፍሎ የሚመለስ ሰውና ገጠር ለገጠር በብስክሌት የሚዞር ሰው አንድ አይደሉም። «እዚያ በሽታው የለም» የሚል የቆየ ወሬም አትመኑ። የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ባሊ ለረጅም ጊዜ ከበሽታው ነፃ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ገባባትና ሰው ገደለ።

ቅድመ ክትባቱ፣ ማለትም ሳይነከሱ አስቀድሞ የሚወሰደው፣ በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው ሁለት መርፌ ነው። አንዱ ዛሬ፣ ሁለተኛው ከ7 ቀን በኋላ ይወሰዳል። ብዙ ሰው ጥቅሙን በትክክል አይረዳውም። አንዳንዱ «ከተከተብኩ ውሻ ቢነክሰኝም ግድ የለኝም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከተነከስኩ ለማንኛውም መከተቤ አይቀር፣ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ በፊት ያልተከተበ ሰው ቁስሉ የደማ ከሆነ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ክትባቱ ነው። ክትባቱ ሰውነት ራሱ መከላከያ እንዲያመርት ያደርጋል፤ ግን ቀናት ይፈጃል። ሁለተኛው ኢሙኖግሎቡሊን ይባላል። ይህ ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ፣ ተሠርቶ ያለቀ መከላከያ ነው። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል፤ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቫይረሱን እዚያው ይይዘዋል። ችግሩ ውድ ነው፤ በብዙ አገሮችም እንደ ልብ አይገኝም። እሱን ፍለጋ ጉዟቸውን አቋርጠው ወደ ሌላ አገር ለመብረር የተገደዱ መንገደኞች ብዙ ናቸው።

አስቀድሞ የተከተበ ሰው ግን ኢሙኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። ሲነከስ በአብዛኛው ሁለት መርፌ ብቻ ይወስዳል፤ አንዱን በዕለቱ፣ ሌላውን በ3ኛው ቀን። ክትባቱ ደግሞ ከኢሙኖግሎቡሊን ይልቅ በብዙ ቦታ ይገኛል። የቅድመ ክትባት ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። የሰውነት መከላከያቸው በሕመም ወይም በመድኃኒት የደከመ ሰዎች ጉዳይ ይለያል፤ እነሱ ይህን ለሐኪሙ መንገር አለባቸው።

ቅድመ ክትባቱ ለሳምንት ሽርሽር ለሚሄድ ሰው ከሐኪሙ ጋር የሚመዘን ነገር ነው። ለሥራ ዓመት ለሚቆይ፣ ልጆች ይዞ ለሚሄድ፣ ከሆስፒታል ርቆ ለሚሰነብት ሰው ግን እኔ ክርክር አያስፈልገውም እላለሁ። የክትባት ካርዳችሁን ያዙ፤ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

2. መንገድ ላይ፦ አትንኩ፣ አታብሉ፣ አታንሱ

ቡችላ ማንሳት ደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን የማታውቁትን እንስሳ በእጃችሁ አትንኩ። የምትበላ፣ የተኛች ወይም ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ አጠገብ አትሂዱ። ድመትም ዝንጀሮም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የብሪታኒያ ነዋሪ ሞሮኮ ውስጥ በነከሰችው ድመት ምክንያት በዚሁ በሽታ ሞቷል። የሌሊት ወፍን በባዶ እጅ መንካት ደግሞ በየትም አገር አይገባም። ጥርሷ ጥቃቅን ስለሆነ መንከሷ እንኳ ላይታወቅ ይችላል።

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» በሚለው ተረት ላይ ሕይወታችሁን አታስይዙ። የታመመ ውሻ ሁልጊዜ አይጮህም፣ ሁልጊዜም አይቆጣም። አንዳንዱ ፈዞ፣ መንጋጋው ወርዶ፣ እየተንገዳገደ ይታያል። ምንም ምልክት ሳያሳይ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ውሻም አለ።

ውሻ ወደ እናንተ ከመጣ አትሩጡ። ሩጫ እንዲያሳድዳችሁ ይጋብዘዋል። ቁሙ፤ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ዓይን ለዓይን አትተያዩ። ጎን ሰጥታችሁ በዝግታ ፈቀቅ በሉ። ቦርሳ፣ ጃንጥላ ወይም ጃኬት በመሀላችሁ አድርጉ፤ መንከሱ ካልቀረም እሱን ይንከስ። ብስክሌት ላይ ከሆናችሁ ውረዱና ብስክሌቱን መከለያ አድርጉት። ከወደቃችሁ ተጠቅልላችሁ ፊታችሁንና አንገታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ።

3. ከነከሰ፦ መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይሄኛው ይሁን። ሐኪም ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት እጠቡ። ቫይረሱ የስብ ሽፋን አለው፤ ሳሙና ያንን ሽፋን ያፈርሰዋል። አለቅልቁት ማለቴ አይደለም። ሰዓት ይዛችሁ፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና፣ 15 ደቂቃ። ሲሰሙት አጭር ይመስላል፤ ቧንቧ ሥር ቆመው ሲቆጥሩት ግን ረጅም ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ «በቃ ጸድቷል» ብሎ ያቆማል። አታቁሙ። የቁስሉ ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ሳሙና ከሌለ በውሃ ብቻም ቢሆን እጠቡ። ከዚያ አዮዲን ወይም ሌላ የቁስል ማጽጃ ካለ ቀቡበት።

በርበሬ፣ የቅጠል ጭማቂ፣ አሲድ፣ ትኩስ ነገር፣ ምንም አታድርጉበት። ቁስሉን ያቆጣዋል እንጂ ቫይረሱን አያወጣውም። አጥብቃችሁም አትሰሩት። ምራቅ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ ደጋግማችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡት።

4. በዚያው ቀን ሐኪም ቤት

ነገ ይደርሳል አትበሉ። አውሮፕላን የምትሳፈሩት በማግስቱ ቢሆንም «አገሬ ስገባ እታያለሁ» አይሠራም። የመጀመሪያው መርፌ ባላችሁበት ይወሰድ።

ሐኪሞች ጉዳቱን በሦስት ይከፍሉታል። እንስሳው ጤነኛ ቆዳችሁን ቢልስ ወይም ብትነኩት ብቻ፣ ክትባት አያስፈልግም፤ መታጠብ ይበቃል። ሳይደማ የተጫረ ወይም የተነከሰ ቆዳ ካለ ክትባት ያስፈልጋል። የደማ ንክሻ ወይም ጭረት፣ በቁስል ላይ ወይም በዓይንና በአፍ የገባ ምራቅ፣ ከሌሊት ወፍ ጋር የተፈጠረ ንክኪ ከሆነ ደግሞ ክትባትም ኢሙኖግሎቡሊንም ያስፈልጋል። ኖርዌያዊቷን ያሳሳታት ቦታ እዚህ ጋ ነው፤ ትንሽ ጭረትም ክትባት የሚያስፈልገው ጉዳት ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን እንስሳ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደነከሳችሁ፣ ከዚህ በፊት መከተብ አለመከተባችሁን ተናገሩ። ከዚያ እናንተም ጠይቁ። ኢሙኖግሎቡሊን አለ ወይ? ከሌለ የት ይገኛል? የመጀመሪያው ክትባት በተሰጠ በ7 ቀን ውስጥ መወሰድ ስላለበት ፍለጋው የሚቻለው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው። እስኪገኝ ብላችሁ ግን ክትባቱን አታቆዩት። ቁስሉ መሰፋት ካለበት ኢሙኖግሎቡሊኑ ከተወጋ በኋላ ይሁን። የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባትም ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ክትባቱ ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ጭን ላይ ይሰጣል። መቀመጫ ላይ ሊወጓችሁ ካሉ በትህትና ክንድ ላይ እንዲሆን ጠይቁ፤ መቀመጫ ላይ ሲወጋ የመከላከል አቅሙ ሊቀንስ ይችላል።

ሆድ ላይ በተከታታይ ይወጋ ስለነበረው መርፌ የሰማ ሰው እሱን ፈርቶ ይቀራል። ያ የድሮ ክትባት ነው። የዛሬው እንደ ማንኛውም ክትባት ነው። እርጉዝ ሴትም፣ ጨቅላ ሕፃንም ከተነከሱ ይከተባሉ።

ቀናት ካለፉስ? ወር ካለፈስ? አሁንም ሂዱ። ምልክት እስካልታየ ድረስ ረፍዷል አይባልም።

5. ውሻውስ?

ባለቤት ካለው ስልኩንና አድራሻውን ያዙ፤ ውሻው መከተቡን የሚያሳይ ወረቀትም ጠይቁ። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ ወይም ድመት በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ስለዚህ ለ10 ቀን ታይቶ ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል። ግን እየተከተባችሁ ጠብቁ እንጂ ለመከተብ አትጠብቁ። የጎዳና ውሻ ከሆነ እሱን ለመያዝ ብላችሁ ሁለተኛ ንክሻ አታትርፉ።

6. ክትባቱን ጨርሱ

ላልተከተበ ሰው የሚሰጠው መርፌ ብዙ ቀጠሮ አለው። የመጀመሪያው መርፌ ቀን 0 ተብሎ ይቆጠራል፤ አንዱ አገር በ0፣ 3፣ 7 እና 14ኛው ቀን ይሰጣል፤ ሌላው በ28ኛውም ይጨምራል፤ ሌላው በቆዳ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ሰጥቶ በሳምንት ይጨርሳል። አገር የምትቀይሩ ከሆነ መምታታት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የክትባቱን ስም፣ ቀኑን፣ የተወጋበትን መንገድ በወረቀት አስጽፉ፤ የብልቃጡንም ፎቶ አንሱ። አንድ ቀጠሮ ቢያመልጣችሁ እንደ አዲስ አይጀመርም። ከቆመበት ይቀጠላል።

7. ኑሯችሁ በሽታው ባለበት አገር ከሆነ

ውሻ የምታሳድጉ ከሆነ አስከትቡት፤ ዘበኛ ሆኖ ከግቢ የማይወጣውንም ቢሆን። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ስለዚህ በሰፈሩ የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲደረግ ተባበሩ፤ ከማንኛውም የግል ጥንቃቄ በላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱና አንገቱ ላይ ይነከሳል፤ ለአንጎል ደግሞ እሱ ቅርብ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጅ መነከሱን መደበቁ ነው። ውሻውን አትንካ ተብሎ ነበር፤ ነካው፤ አሁን ቁጣውን ፈርቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። «ብትነካውም አልቆጣህም፣ ብቻ ንገረኝ» ብላችሁ ዛሬውኑ ቃል ግቡለት። መጥቶ ሲነግራችሁም ቃላችሁን ጠብቁ፤ እጁን ይዛችሁ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ውሰዱት።