የማንጎ አይስክሬም በቡና ሲኒ
በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚያዝያ ፀሐይ ሲበረታ፣ በእንጨት የሚያዝ የፍራፍሬ አይስክሬም በቤት ለማዘጋጀት የቡና ሲኒ ይበቃል፤ አፉ ከታቹ ሰፋ ስለሚል በቀላሉ ይወጣል። ሁለት የበሰሉ ማንጎዎችን ከጥቂት ፓፓያ ጋር ፈጭተው የሎሚ ጭማቂና ስኳር ይጨምሩ። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚያደበዝዝ ድብልቁ ከተለመደው ጁስ ጥቂት መጣፈጥ አለበት፤ ስኳሩም በረዶው እንደ ድንጋይ እንዳይጠጥር ያደርጋል። እንጨቱን ወዲያው ቢተክሉት ይጋደማል፤ ስለዚህ ሲኒውን ጥቂት አጉድለው ይሙሉና ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠርዙ በረዶ መያዝ ሲጀምር መሀሉ ላይ ይትከሉት። መብራት በሚጠፋፋበት ሰፈራችን እኔ ማታ ማዘጋጀቱን እመርጣለሁ፤ ሌሊት ማቀዝቀዣውን የሚከፍተው የለምና (ልጆቹ ተኝተዋል) ቅዝቃዜው አይባክንም። ሲያወጡት ሲኒውን ለብ ባለ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ይንከሩት፤ ውኃው ከፈላ ግን ሲኒው ሊሰነጠቅ ይችላል።