የሠራተኛ ቅሬታ ሲሰማ ቃለ ጉባኤ እንዴት ይያዝ?

በቃሊቲም ሆነ በገላን ፋብሪካዎች የቅሬታ ስብሰባ ፈረቃ ሊወጣ ሲል ከተጠራ ቃለ ጉባኤው ከወዲሁ ተበላሽቷል። ሰርቪሱ ሊነሳ ሲል ሠራተኛው ሳያነብ ፈርሞ ይሮጣል፤ በማግስቱ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይመጣል። ፈረቃው ከማለቁ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መጥራትና የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ለንባብና ለፊርማ መተው ይሻላል።

ስብሰባውን የሚመራው ሰው ጸሐፊ አይሁን፤ ቅሬታ የቀረበበት አለቃማ ጭራሽ።

በቃለ ጉባኤው አናት ላይ በስብሰባው የተገኙት ሰዎች ስም ከነኃላፊነታቸው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይሰፍራሉ። «8:30» ብቻ ከተጻፈ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ነው ይላል፣ ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ። «ከቀኑ 8:30» ይባል፤ ቀኑም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ይለይ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ስለሚታገድ፣ የቀን ስህተት ገንዘብና እንጀራ ያሳጣል።

ብዙው ቃለ ጉባኤ የሚወድቀው ግን ጸሐፊው የሰማውን ትቶ የመሰለውን ሲጽፍ ነው። «ተቆጣጣሪው ሰደበው» ፍርድ ነው፤ ተናገረ የተባለው ቃል፣ አስቀያሚም ቢሆን፣ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ። «ስለ ትርፍ ሰዓት ቅሬታ አቀረበ» ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፤ የየትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት፣ ማን አዞት እንደሠራ ተጠይቆ ይጻፍ። ዝምታም ይመዘገባል፦ «ጥያቄው ተደግሞ ቀረበለት፤ መልስ አልሰጠም»። «በዝምታ አመነ» ማለት ግን የጸሐፊው ሥልጣን አይደለም።

ሠራተኛው በኦሮምኛ ተናግሮ መዝገቡ አማርኛ ከሆነ፣ አከራካሪው ቃል በተነገረበት ቋንቋ ይቀመጥ፤ አስተርጓሚውም ይፈርም።

ውሳኔው ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈጽም ይናገር። «ይታይ ተባለ» ውሳኔ አይደለም።

ከዚያ ጮክ ብሎ ይነበብ። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝና የተሰረዘው ቃል መነበቡ ሳይጠፋ ከጎኑ ይፈረምበት፤ በነጭ ቀለም የጠፋ ቃል ጥርጣሬ ይጠራል። ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በታች ያለው ባዶ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋ፤ ሁሉም በየገጹ ይፈርሙ። የማይስማማ ሰው ተቃውሞውን ከፊርማው በላይ በራሱ እጅ ይጻፍ። አልፈርምም ካለ ምክንያቱ ይመዝገብና በቦታው የነበሩ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ግልባጩ ለቅሬታ አቅራቢው በዚያው ቀን ይሰጥ፤ የእጅ ጽሑፉ ረቂቅም በኮምፒውተር ከተተየበው ጋር ተያይዞ ፋይል ይግባ።