ቀስቱን ትታችሁ በዓይናችሁ ፈልጉ፦ ጂኦካቺንግ ለጀማሪዎች

ጂኦካቺንግ በጂፒኤስ የታገዘ ድብብቆሽ ነው። አንዱ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና ያለበትን ቦታ በቁጥር (በኬክሮስና በኬንትሮስ) ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ቁጥሩን ተከትሎ ሄዶ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል። በቃ ይኸው ነው።

አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ያቆመችው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ነው። ከዚያ ወዲያ ቦታን በትክክል ማግኘት ስለተቻለ፣ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብሮ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ባልዲው ውስጥ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ነበር። ዛሬ ቢሆን ይህን አድርጎ አያልፍም ነበር። ምግብ እንስሳ ስለሚጠራ አይቀመጥም፤ ያለ ባለመሬቱ ግልጽ ፈቃድ አፈር ቆፍሮ መቅበርም ክልክል ነው።

ለመጀመር ስልክ ይበቃል። ኦፊሴላዊውን የጂኦካቺንግ አፕ አውርዱና በነጻ ተመዝገቡ። ለከፋዮች ብቻ የተተዉ ዕቃዎች አሉ፤ ለጊዜው እርሷቸው። የጂፒኤስ መሣሪያ ለመግዛትም አትቸኩሉ።

ዋናው ነገር የመጀመሪያውን በደንብ መምረጥ ነው። እያንዳንዱ የተደበቀ ዕቃ ከ1 እስከ 5 የሚደርሱ ሁለት ነጥቦች አሉት። አንዱ ዕቃውን ማግኘቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግራችኋል፤ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያደክም። ሁለቱም ከ1.5 የማይበልጡበትን ፈልጉ። ዓይነቱ «ትራዲሽናል» ይሁን፤ ቁጥሩ በቀጥታ ዕቃው ጋ የሚያደርሰው እሱ ነው። «ሚስትሪ» የሚለው መጀመሪያ እንቆቅልሽ ያስፈታችኋል። መጠኑም «ስሞል» (ትንሽ) ወይም «ሬጉላር» (መካከለኛ) ቢሆን ይሻላል። ናኖ የሚሏት የጣት ጫፍ የምታክል ማግኔት ያላት መያዣ አለች፤ እኔ በግሌ አልወዳትም፤ ለጀማሪማ ጭራሽ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቀደም ብለው የሄዱ ሰዎች የጻፉትን አንብቡ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ሰዎች «አላገኘሁም» ካሉ፣ ዕቃው ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሌላ እለፉ።

ቦታው ስትደርሱ ብዙ ጀማሪ የሚሸወድበት ነገር አለ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ገላጣ ሲሆን እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ ዛፍ ሥርና ረጃጅም ሕንፃ አጠገብ ይብስበታል። የደበቀው ሰው ስልክም እንደዚያው ስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርቀቱ አሥር ሜትር አካባቢ ሲደርስ አፑ ላይ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ወዲያና ወዲህ መዋለል ይጀምራል። አትከተሉት። ስልኩን ኪስ ክተቱና ቆም ብላችሁ «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» በሉ።

ያኔ እዚያ መሆን የሌለበት ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። ጎን ለጎን የተደረደሩ እንጨቶችን ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ነፋስ እንጨት አይደረድርም። የድንጋይ ክምርም እንደዚያው። የብረት አጥር ላይ ከሌሎቹ ይልቅ አዲስ የሚመስል ብሎን ካለ ነካ አድርጉት፤ በማግኔት የተለጠፈ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። አግዳሚ ወንበር ካለ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ። የሰባት ዓመት ልጄ አብዛኛውን ጊዜ ትቀድመኛለች፤ ለመሬት ስለምትቀርብ መሰለኝ። የማይታይ ጉድጓድ ውስጥ ግን እጅ አይገባም። በእንጨት ነካካ አድርጋችሁ እዩ፤ እባብም ተርብም ሊኖር ይችላል። ካልሆነላችሁ ገጹ ላይ ያለውን ፍንጭ ክፈቱ፤ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

ሰው እያየ ዕቃውን አታውጡ፤ ምንነቱን የማያውቅ ሰው አንስቶ ይጥለዋል። እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ እመስላለሁ። ጥበቃ መጥቶ ከጠየቃችሁ ግን እውነቱን ንገሩት። ቁጢጥ ብሎ ቁጥቋጦ መሃል መዋሸት ነገር ያባብሳል።

እስክሪብቶ ያዙ፤ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም። ወረንጦም ያዙ፤ በትንንሾቹ ውስጥ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይጠብቅና በጣት አይወጣም። መጫወቻ ወይም ሌላ ነገር ከወሰዳችሁ በዋጋ እኩያውን ወይም የተሻለ ተኩ። ኮድ የተጻፈበት የብረት ቁራጭ ካገኛችሁ ግን ስጦታ አይደለም። «ትራቭል ባግ» ይባላል፤ ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ስለሆነ ወደ ሌላ መደበቂያ የምታደርሱት ከሆነ ብቻ ውሰዱት። ክዳኑን እስኪገጥም ዝጉ፤ ውኃ ከገባ ወረቀቱ ያበቃለታል። ከዚያ በነበረበት፣ በነበረው አኳኋን መልሱት።

ቤት ስትገቡ አፑ ላይ መዝግቡ። ያላገኛችሁትንም መዝግቡ፤ የደበቀው ሰው ሄዶ የሚያየው እንዲህ ያለ መልእክት ሲበዛበት ነው።

የራሳችሁን ለመደበቅ ግን ትንሽ ቆዩ። የሌሎችን በዛ አድርጋችሁ ስታገኙ የትኛው መያዣ ዝናብ እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጊዜው ሲደርስ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዱ፤ ከሌላ ሰው መደበቂያም ቢያንስ 161 ሜትር ራቁ። ቦታው ደግሞ ወረቀቱ ሲሞላ ወይም ሲረጥብ ሄዳችሁ ልትቀይሩ የምትችሉበት ይሁን።