ልብስ እያጠብሽ ልጅ ስታሳድጊ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን

ኮልፌ ነው የምኖረው። በየሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ልጅ አዝላ ከክፍለ ሀገር የመጣች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሥራ ነው። ሥራውስ ይገኛል። እኔ ግን "መታወቂያ አለሽ ወይ?" ነው የምላት። አዲስ አበባ ላይ ድሃ እናትን ከገንዘብ እኩል የሚያንገላታት የወረቀት ነገር ነው።

ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ ይዘሽ ነይ። ሳትይዢ ከመጣሽ ዘመድ አውጥቶ ይላክልሽ። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ በነፃ ይወጣል፣ አውጪው፤ ግን የነዋሪነት መታወቂያን አይተካም። ቤት ስትከራዪ ደግሞ ቀብድ ሳትሰጪ በፊት አከራይዋን "መታወቂያ ሳወጣ ትተባበሪኛለሽ?" በያት። ብዙዎቹ "ኋላ ቤቴን ትወስድብኛለች" ብለው ይፈራሉ። ዕቃሽን ካስገባሽ በኋላማ ማን ይሰማሻል?

እርጉዝ ከሆንሽ ጤና ጣቢያ ውለጂ። ክትትሉም፣ ወሊዱም፣ የልጁ ክትባትም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። ስትወጪ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ካልሰጡሽ ጠይቂ። እሱን ይዘሽ በ90 ቀን ውስጥ ወረዳ አስመዝግቢ። እዚያም መታወቂያሽን ይጠይቁሻል።

የጤና መድንም እንደዚያው። የሚታደሰው በየዓመቱ ነው፣ ምዝገባውም ወቅት አለው። ልጁን ሲያተኩሰው ተሩጦ የሚወጣ ካርድ አይደለም። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ ስላለ ወረዳ ሄደሽ "እኔንም መዝግቡኝ" በይ። ማፈር ልጅ አያሳክምም።

አሁን ወደ ሥራው። ስትዋዋዪ "ልጄን ይዤ ነው የምመጣው፣ ምሳም ለሁለታችን" በይ። ፊት የሚያጠቁር አይጠፋም፣ ሌላ ቤት ሞክሪ። ብርድ ልብስና ጋቢ ካለ ዋጋው ለብቻው ነው፤ ሳትዘፈዝፊ ተነጋገሩ።

በረኪና ላይ ግን አደራ። እኛ አጣቢዎች ሃይላንድ ውስጥ እየቀዳን የማስቀመጥ ልማድ አለን። ለልጅ ሃይላንድ ማለት ውኃ ነው። በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ። ልጁ ከጠጣ እንዲያስመልሰው ብለሽ ጉሮሮው ውስጥ ጣት አትክተቺ፤ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። ዕቃውን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ።

ምግብን በተመለከተ፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ገንፎው ወፈር ይበል። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ አያፋፋም። ማንኪያውን ስታዘነብዪው ጠብ ጠብ ካለ ቀጥኗል። ከእህሉ ጋር ሽምብራ ወይም ምስር አስፈጪበት። በብስኩት የምታወጪውን ሳንቲም አጠራቅመሽ እንቁላል ግዢበት። ጉልት ላይ ቲማቲምና ጎመን ሲመሽ ይረክሳል። ዕድሜው ሲደርስ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገቢው፤ አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ላይ ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል። ሰፈር ውስጥ የግል ካላስገባሽ የሚሉሽ ይኖራሉ። ክፍያውን ይክፈሉልሻ!

ለኪራይ የሳምንት ዕቁብ ግቢ። ትንሽ ቢሆንም የወሩ መጨረሻ አያስደነግጥሽም።

ተቅማጥ ሲይዘው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንፁህ ውኃ በጥብጪ፤ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ልኩ ነው፣ የበረኪናው እንዳይሆን እንጂ። ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ስጪው፣ ያደረውን ድፊው። ጡቱን አታቋርጪ። ከኦአርኤሱ ጋር የሚሰጥሽን የዚንክ ኪኒን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ጨርሺው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ቤት አታቆዪው። ለልብሱ ባለቤት ደውለሽ ንገሪያትና ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የተዘፈዘፈው ልብስ ይደር።