የዓለም ገበያ አንድን ድሃ ማኅበረሰብ ምን እንዳደረገው ለማጣራት

«ሉላዊነት ጠቀማችሁ ወይስ ጎዳችሁ?» ብሎ መንደር የገባ ሰው የሚያገኘው መልስ ለጆሮው የሚጥመውን ነው። ይልቅ ወደ ውጭ የሚሸጥ ወይም ከውጭ የሚገባ አንድ ምርት ይምረጡና እሱን ብቻ ይከተሉ።

በመጀመሪያ ቤተሰቦቹን በሦስት ይክፈሉ፤ ምርቱን የሚሸጡ፣ የሚገዙ፣ በቀን ሥራ የሚያድሩ። ከእያንዳንዱ 10 ወይም 15 ቤት ማነጋገር ለመነሻ ይበቃል። ይህ ክፍፍል ከተዘለለ የቀረው ድካም ከንቱ ነው። ሄይቲ የሩዝ ቀረጧን በ1995 እ.ኤ.አ. ወደ 3 በመቶ ስታወርድ የአሜሪካ ሩዝ ገበያውን አጥለቀለቀው። ሸማቹ ሩዝ ረከሰለት፤ ሩዝ አምራቹ ገበሬ ግን መወዳደር አቃተው። ሁለቱን ደምሮ አማካይ ያወጣ ሰው ብዙም ለውጥ ላይታየው ይችላል።

ገቢውን በገንዘብ ሳይሆን በእህል ይለኩ። ከአንድ ኪሎ ምርት መሸጫ ላይ የማዳበሪያ፣ የማጓጓዣና የብድር ወለድ ወጪውን ይቀንሱ፤ የተረፈውን ለአንድ ኪሎ እህል ዋጋ ያካፍሉ። መሸጫው 60፣ ወጪው 24፣ እህሉ 12 ቢሆን አንድ ኪሎ ምርት 3 ኪሎ እህል ይገዛል። ከዓመታት በኋላ መሸጫው 90፣ ወጪው 40፣ እህሉ 25 ቢደርስ የሚገዛው 2 ኪሎ ብቻ ነው። ዋጋው በግማሽ ጨመረ እየተባለ የቤቱ ማዕድ ሳስቷል ማለት ነው።

ስሌቱን ምርት በተሰበሰበ ሰሞንና ጎተራ በሚጎድልበት ወር፣ ሁለት ጊዜ ይሥሩት። የደህና ዓመት ዋጋ ብቻ መያዝም ያሳስታል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ (እያንዳንዱ አገር ወደ ውጭ እንዲሸጥ የተፈቀደለት የቡና መጠን) ሲቀር ዋጋው በጥቂት ወራት በግማሽ ያህል ወርዷል። የምግብ ሰብሉን ትቶ ለገበያ ብቻ የተከለ ቤት እንዲህ ያለው ዓመት ሲመጣ መውደቂያ የለውም። ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ ደግሞ ሚስትን ለብቻ፣ ባልን ለብቻ ይጠይቁ።

ባህሉ ላይ ሲደርሱ «ባህላችሁ ጠፋ ወይ?» አይበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። ሽመና ከሆነ ከፈትሉ ጀምሮ ጫፉ እስኪቋጭ ያለውን ሥራ በደረጃ ይጻፉ፤ በየደረጃው አጠገብ ከ30 ዓመት በታች ስንት ሰው ብቻውን እንደሚሠራው ይቁጠሩ። ፋብሪካ ክር ስለገባ ብቻ ባህሉ ሞተ ማለት የችኮላ ፍርድ ነው። ሸማኔው ጊዜ ተርፎት ጥለቱን አበልጽጎት ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ጥለቱን የውጭ ገዢው ብቻ ሲወስነውና ለራስ የሚለበሰው ልብስ መሠራቱ ሲቀር ነው።

ውጤቱን ከማሳተምዎ በፊት ለሦስቱም ወገኖች ለየብቻ ያንብቡላቸው። በአንድ ስብሰባ ከሆነ የቀን ሠራተኛው አሠሪው ፊት አፉን አይከፍትም፤ ዝምታውም እንደ ስምምነት ይመዘገባል።