ከቱቦው የወጣ ሁሉ የስፐርም ፕሮቲን አይደለም

ጎንደር ላይ የስፐርም ፕሮቲን ለሚያጠና ሰው ቅርቡ የናሙና ምንጭ ቄራ ነው፤ የመጀመሪያው ስህተትም የሚሠራው እዚያው ነው። ለእርድ የሚቀርብ ሰንጋ የተኮላሸ ነው። ሳይቆረጥ ተቀጥቅጦ የተኮላሸው ደግሞ ከረጢቱ ስላለ ለጀማሪ ዓይን ኮርማ ይመስላል። ከመታረዱ በፊት ዳስሱት። ላብራቶሪ እንደገባችሁም ከኤፒዲዲሚሱ (ስፐርም የሚበስልበትና የሚጠራቀምበት፣ ከቆለጡ ጋር የተያያዘ ቱቦ) ጭራ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሳታዩ ሌላ ሥራ አትጀምሩ። ጭራውን በምላጭ ስትበጡ የደም ሥር ከነካችሁ አልቡሚንና ሄሞግሎቢን የተባሉ የደም ፕሮቲኖች ይቀላቀላሉ፤ በዘር ቱቦው በኩል ደነዝ መርፌ አስገብቶ ፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) እየገፉ ማውጣት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው፣ በየመመረቂያ ጽሑፉ የሚመላለሰው ስህተት፣ የሌላ ህዋስ ፕሮቲን የስፐርም ነው ብሎ መመዝገብ ነው። የበሰለ ስፐርም ሳይቶፕላዝሙን አራግፎ የጨረሰ ህዋስ ነው፤ የቀረው ፕሮቲን ጥቂት ነው። አንድ ነጭ የደም ህዋስ ግን የብዙ ስፐርም ያህል ይይዛል። የስፐርም ቁጥሩ ያነሰ ሰው ናሙና ውስጥ የክብ ህዋሳቱ (የነጭ የደም ህዋስና ያልበሰለ የዘር ህዋስ) ድርሻ ከፍ ስለሚል፣ መካኑን ከወላዱ ይለያል የተባለው ፕሮቲን ዞሮ ዞሮ የነጭ የደም ህዋስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ልጅ አጥተው ከሐኪም ሐኪም የሚንከራተቱ ባልና ሚስት ተስፋ የሚጥሉት እንዲህ ባለ ውጤት ላይ ነው፤ ስለዚህ እጥበቱን የሚያቻኩል ተማሪ ሊታለፍ አይገባም።

የሰው የዘር ፈሳሽ ከሆነ 37 ዲግሪ ላይ እስኪላላ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠብቁ። ከሥር 80 በመቶ፣ ከላዩ 40 በመቶ የግራዲየንት ፈሳሽ (ህዋሳትን በእፍጋታቸው የሚለይ)፣ እያንዳንዱን 1 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ናሙናውን በቀስታ ደርቡበት፤ በ300 ጂ (የመሬት ስበት 300 እጥፍ) ለ20 ደቂቃ አሽከርክሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ፒፔታቸውን ከላይ እስከ ታች ሰድደው ዝቃጩን (ከሥር የተቀመጠውን ስፐርም) ይመጥጣሉ፤ በላይኛው ድርብ የተያዘው ቆሻሻ በጫፉ ላይ ተለጥፎ አብሮ ይወርዳል። ላይኛውን ሁሉ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ጫፍ ቀይሩ፣ ከዚያ ዝቃጩን ውሰዱ። ሁለቴ በፒቢኤስ አጥባችሁ በ400 እጥፍ እዩት። ክብ ህዋስ ካለ ግራዲየንቱን ድገሙ። ትሪተን የተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ያለበት ማጠቢያ ክብ ህዋሱን ያፈርሳል፤ የስፐርሙን የሽፋን ፕሮቲንም አብሮ ስለሚገፍፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለማዳቀያ ከተዘጋጀ ስትሮ (የቀዘቀዘ የዘር ፈሳሽ የሚታሸግበት ቀጭን ቱቦ) የወጣ ስፐርም የእንቁላል አስኳል ወይም የወተት ፕሮቲን ተሸክሞ ይመጣል። ኮርማ በሚረጨው ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ቢኤስፒ የተባሉ፣ ከ15 እስከ 30 ኪሎዳልተን የሚመዝኑ ፕሮቲኖች ደግሞ ከስፐርሙ ሽፋን ቅባት ጋር ስለሚጣበቁ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይለቁም። ይህ ፈሳሽ ካልነካው፣ ከኤፒዲዲሚስ ከወጣው ስፐርም ጋር አወዳድሩ።

በስፐርሙ ራስ ላይ ያለው አክሮዞም በፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይም የተሞላ ከረጢት ነው። እነዚህን ኢንዛይሞች ለማገድ የሚጨመረው ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፤ ጠዋት የጨመራችሁት ከሰዓት አይሠራም።

ፎስፌት የተሸከመ ታይሮሲን (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) ለማየት ስትፈልጉ የድኝ ትስስር የሚፈታውን መርካፕቶኢታኖል ከመጀመሪያው አትጨምሩ። የስፐርም ዲኤንኤ የታሸገው በፕሮታሚን ነው፤ ፕሮታሚኖቹን ያያያዘው የድኝ ትስስር ሲፈታ ዲኤንኤው ይለቀቅና ናሙናው እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል፤ ጫፉ ሲነሳ ክር እየጎተተ ይወጣል፣ የጄሉ ጉድጓድ ውስጥም አልወርድ ይላል። በኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ብቻ ቀቅሉ፣ አሽከርክሩ፣ የላይኛውን ወደ አዲስ ቱቦ ገልብጡ፣ መርካፕቶኢታኖሉን ያኔ 5 በመቶ አድርጋችሁ ጨምሩና ደግማችሁ ቀቅሉት። ፕሮታሚኑን ራሱን የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

“በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ” የሚለውን መመሪያም እንዳለ አትቅዱ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው። 10 ደቂቃ ስጡት።

ኢዙሞ1 የተባለው ፕሮቲን አልታየም ብሎ አንቲቦዲውን (ፕሮቲኑን ለይቶ የሚጣበቅበትን ሞለኪውል) መውቀስም የተለመደ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ከስፐርምና እንቁላል መዋሃድ ጋር የተያያዘው ይህ ፕሮቲን አክሮዞሙ እስኪፈነዳ ድረስ በውስጥ ተሸፍኖ ይቆያል። ሕያውና ያልፈነዳ ስፐርም ላይ አንቲቦዲ ብታፈሱ አያገኘውም።

አተረጓጎም ላይ ደግሞ፣ ፕሮቲኑ በብዛት ስለተገኘ ብቻ ለመውለድ ያስፈልጋል ማለት አይቻልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቆለጥ ውስጥ ጎልተው የሚሠሩ 54 ዘረ-መሎች ከአይጥ ላይ በየተራ ቢጠፉም ወንዶቹ መውለዳቸውን አላቆሙም። አክሮሲን (የአክሮዞም ኢንዛይም) የሌለው አይጥ ይወልዳል፤ አክሮሲን የሌለው ሃምስተር ግን ስፐርሙ የእንቁላሉን ዞና ፔሉሲዳ (የውጭ ሽፋን) ማለፍ ስለሚያቅተው መካን ነው። ስለ ፎገራ ኮርማ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር መነሻው የአይጥ ጥናት ከሆነ፣ አይጥ መሆኑን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጻፉት።